ፓነሉን ከመጣልዎ በፊት ቧንቧውን ይዳስሱ

አንድ አንባቢ እንዲህ ሲሉ ጽፈዋል፦ የፀሐይ ውሃ ማሞቂያቸው ከ15 ዓመት በላይ አገልግሏል። ባለፈው ዓመት የሚያፈስ ቧንቧ ካስቀየሩ ወዲህ ግን በጠራራ ፀሐይ እንኳ ውሃው ለብ ከማለት አያልፍም፤ የኤሌክትሪክ ማሞቂያው ሳያርፍ ይሠራል። ከፓነሉ አናት የሚወጣው ቧንቧ ደግሞ በቀትር እጅ ያቃጥላል። አዲስ ልግዛ ወይ ይላሉ።

አይግዙ። ፓነሉ ቢሞት ኖሮ ቧንቧው እጅ አያቃጥልም ነበር። ሙቀቱ አለ፣ መሄጃ ግን አጥቷል። እኔ የምጠረጥረው አዲሱን ቧንቧ ነው፤ መሃሉ ላይ ረግቦ አየር ይዟል።

ይህ ዓይነቱ ማሞቂያ ፓምፕ የለውም። አንድ ሊትር ውሃ 20 ዲግሪ ላይ 998 ግራም ያህል ይመዝናል፤ 60 ዲግሪ ሲደርስ 983 ግራም ይሆናል። ዝውውሩን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ይህ የ15 ግራም ልዩነት ነው። የቀለለው ሙቅ ውሃ ወደ ታንከሩ ይወጣል፤ የከበደው ቀዝቃዛ ከታንከሩ ሥር ወደ ፓነሉ ግርጌ ይወርዳል። የመታጠቢያ ቤት ቧንቧ ግፊት ስላለው አየሩን እየተፋ ያልፋል፤ ይህ ደካማ ጉልበት ግን ጥቂት አየር እንኳ መግፋት አይችልም። ስለዚህ ሙቁ ቧንቧ ከፓነሉ እስከ ታንከሩ አንድም ቦታ ሳያዘቀዝቅ መውጣት አለበት። ታንከሩ ከፓነሉ በላይ የሚሰቀለውም ለዚሁ ነው፤ ዝቅ ካለ ሌሊት ዝውውሩ ተገልብጦ ቀን የተጠራቀመውን ሙቀት ይበትነዋል።

በቀትር የቧንቧውን ሽፋን ገልጠው በእጅዎ ጀርባ ፈጠን እያሉ ይንኩት። ሙቀቱ ድንገት የሚቋረጥበት ቦታ ላይ አየሩን ያገኙታል። የተገጠመልዎት ርካሽ ፕላስቲክ ከሆነ አይገርመኝም፤ ሙቀት ያለሰልሰዋል፣ በሁለት ማሰሪያዎች መካከልም ይረግባል። ውሃ ልክ ሳይይዙ ቧንቧ የሚዘረጉ ሰዎች ስንቱን ደህና ማሞቂያ አስጥለዋል!

ከሥራው ዋዜማ ማታ ፓነሉን በወፍራም ሸራ ይሸፍኑ፤ ብሬከሩንም ያጥፉ። ውሃው በቆመበት ፓነል ውስጥ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በላይ ሊወጣ ስለሚችል፣ ሳይሸፍኑ ቢፈቱት እንፋሎቱ ፊትዎን ይጠብሰዋል። ጠዋት ቀዝቃዛውን መስመር ዘግተው ውሃውን ያፍስሱ፤ የረገበውንም በመዳብ ይተኩ። በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል። መዳብን ከጋልቫናይዝድ ብረት ጋር በቀጥታ አያገናኙ፣ ብረቱ ይበላል፤ በመካከል ኤሌክትሪክ የማያስተላልፍ መገጣጠሚያ ያስገቡ። ታንከሩ ባዶ ሳለ ከዝገት የሚጠብቀውን የማግኒዚየም ዘንግም ይፍቱት፤ መሃሉ ያለው ሽቦ ከታየ ይቀይሩት።

የግፊት መልቀቂያ ቫልቩ ቢያንጠባጥብ በአዲስ ይቀየራል እንጂ በፍጹም አይደፈንም። ደፍነው የሚሄዱ አሉ፤ እንዲህ የተደፈነ ታንከር ሊፈነዳ ይችላል።

ሲሞሉ የመታጠቢያ ቤቱን የሙቅ ውሃ ቧንቧ ከፍተው፣ አየር መትፋቱን እስኪያቆም ቀስ ብለው ይሙሉ። ሸራውን የሚያነሡት፣ ብሬከሩንም የሚያበሩት ከዚያ በኋላ ብቻ ነው። የኤሌክትሪክ ማሞቂያውን ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ፣ ውሃው 60 ዲግሪ ካልደረሰ ብቻ ያብሩት፤ ጠዋት ታንከሩ በኤሌክትሪክ ሞቆ ከጠበቃት ፀሐይዋ የምትሠራው ሥራ አይኖራትም።