ዲፕሎማት ለመሆን ምን ላንብብ ላልሽኝ

የተወደድሽ ልጄ፣

«የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነኝ፤ ከዚህ ተነሥቼ ዲፕሎማት ለመሆን ምን ላንብብ?» ብለሽ ጠይቀሽኛል። ልሰጥሽ የምመኘው መጽሐፍ አልተጻፈም። ሊጽፉት ይችሉ የነበሩት ሰው ካረፉ ቆይተዋል። ማናችንም «ጋሼ፣ እርስዎ ይንገሩን፣ እኛ እንጻፈው» ሳንላቸው መሄዳቸው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ከኤርትራ ጋር በ1990 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር መግለጫ የምናረቅቅ ወጣቶች ነበርን። ጋሼ ጡረታቸው የተቃረበ አምባሳደር ነበሩ፤ ረቂቁን ሳይወጣ ያዩልን ነበር። አንድ ማታ እርሳሳቸውን በምላሳቸው ጫፍ እያረጠቡ አነበቡት። ቦታውን፣ ቀኑን፣ መንግሥት የጠየቀውን አልነኩም። በወዲያኛው ወገን መሪዎች ላይ የሚያላግጠውን አንቀጽ ግን ከዳር እስከ ዳር ሰረዙት። ደሜ ፈላ። «ጋሼ፣ ሰው እየሞተ እኮ ነው!» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «አውቃለሁ። የወንድሜ ልጅ ግንባር ነው። ግን ይሄ ሲያልቅ እዚያ ሄዶ ኤምባሲ የሚከፍት ሰው ያስፈልገናል። ያ ሰው አንተ ብትሆንስ?»

ከዚያ ሻይ አዘዙልን፤ ቅርንፉድ የበዛበት። እንደዚያ የሚፈላ ሻይ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ዳግም አልጠጣሁም።

አስመራ ያለው ኤምባሲያችን ዳግም የተከፈተው በጳጉሜን 2010 ዓ.ም. ነው፤ ጋሼ አልደረሱበትም። አምባሳደር ሆነው የሄዱት አቶ ሬድዋን ሁሴን ቀደም ሲል የመንግሥት ኮሙኒኬሽን ጉዳዮች ጽሕፈት ቤትን መርተዋል። ከእሳቸው በኋላ የጽሕፈት ቤቱን ወንበር የያዙት አቶ ጌታቸው ረዳ ናቸው። የሰሜኑ ጦርነት ሲነሣ ሁለቱም በየወገናቸው ቆመው መግለጫ ሰጡ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱን የፈረሙትም እነዚሁ ሁለት ሰዎች ናቸው። ያን ዕለት ቴሌቪዥኑ ፊት ቁጭ ብዬ ጋሼን አሰብኳቸው።

አንድ ነገር ልብ በዪ። አምባሳደር ከመሾሙ በፊት ተቀባዩ አገር ይሁንታውን መስጠት አለበት። ቢከለክል ምክንያቱን የመናገር ግዴታ የለበትም፤ እ.ኤ.አ. የ1961ዱ የቪየና ስምምነት አንቀጽ 4 እንዲህ ይላል። ያኔ ዛሬ የምትናገሪው ሁሉ ተለቅሞ ይነበባል። የዘንድሮ ወጣት ቃል አቀባዮች ይህን የዘነጉ ይመስለኛል። ማታ ፌስቡክ ላይ የሚገኘው ጭብጨባ ያሰክራል፤ ጎረቤት አገር የሚሰድብ ጽሑፍ በሰዓታት ውስጥ ሺህ ጊዜ ይጋራል።

ፍጥነታቸውን ግን አልነቅፍም። እኛ ፈቃድ ስንጠብቅ ጋዜጠኛው ደጅ ላይ እየዋለ ወሬው አገር ምድሩን ያዳርስ ነበር። እንዲያውም አንዳንዴ ቶሎ ተናግሮ ነገ ማረም ዝም ከማለት ይሻላል። ጋሼ ቢሰሙኝ በዚህ አይስማሙም።

እንግሊዝኛሽን አሻሽዪ አልልሽም፤ ታውቂዋለሽ። ዓረብኛ ግን ጀምሪ። ሱዳንም ጅቡቲም ግብፅም የሚሠራበት ቋንቋ ሆኖ ሳለ ከእኛ ዘንድ የሚችለው ጥቂት ነው።

«ትንሽ ኤምባሲ ቢመድቡኝስ?» ላልሽው፦ ሳታመነቺ ሂጂ። ሠራተኛው ጥቂት በሆነበት ቦታ ጠዋት ፓስፖርት ታድሻለሽ፣ ከሰዓት ለአምባሳደሩ ንግግር ታዘጋጃለሽ፣ ማታ እስር ቤት የገባ ዜጋ ቤተሰብ ይደውልልሻል።