የአባትህን ቀንበር መብራት አድርገው

ወንድሜ፣ የአባትህ ቀንበርና ማረሻ ጓዳ ውስጥ ከሚበላሽ ምን ልሥራበት ብለሃል። እኔ ብሆን ቀንበሩን ከምግብ ጠረጴዛው በላይ የሚንጠለጠል መብራት አደርገዋለሁ። ማነቆዎቹ የሚገቡባቸው አራት ቀዳዳዎች አሉት አይደል? የአምፖሎቹ ገመድ በእነሱ ይለፍ። አዲስ ቀዳዳ አትብሳ፣ የደረቀ እንጨት ቶሎ ይሰነጠቃል። የኤሌክትሪኩን ሥራ ለባለሙያ ተው።

መጀመሪያ ግን ምስጥ እንዳልበላው እይ። አቧራውን በብሩሽ አራግፍና የተልባ ዘይት በስሱ ቀባው። የቀባህበትን ጨርቅ ጠቅልለህ እንዳትጥል! ራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል፤ ውጭ ዘርግተህ አድርቀው። ደግሞ አደራ፣ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍገው። የበሬዎቹ ጫንቃ ያለሰለሰው ቦታ ነው ውበቱ።

ማረሻው ብዙ ካልተበላ ለብረት ቀጥቃጭ ስጠው፣ ጥሩ መኮትኮቻ ይወጣዋል።