ዘይት መቀየር «ጥገና» ነው?

ጥያቄ፦ የኒዮን መብራት ለሚሠሩ ባልደረቦቼ የቫክዩም ፓምፕ (ከመብራቱ ቱቦ አየር መጥጦ የሚያወጣው) እና የጌጅ (የቀረውን አየር ግፊት የሚለካው) መመሪያ እየጻፍኩ ነው። ዘይት መቀየሩና ጌጅ ማጽዳቱ «ጥገና» ይባላል ወይስ «እንክብካቤ»? አንዱ ባልደረባዬ «እንክብካቤ ለሕፃን ነው» አለኝ።

መልስ፦ ደግ ጠየቁ። «ጥገና» በማይመለከተው ሁሉ መግባቱ ከድሮም ያንገበግበኛል።

«ጠገነ» (ገ ይጠብቃል) የሰበራ ቃል ነው። ወጌሻ የተሰበረ አጥንት ገጥሞና አስሮ ይጠግናል። ከአጥንት ወደ ቤት፣ ወደ መንገድ፣ ወደ ማሽን ተሻገረ። የትም ቢሄድ ግን መጀመሪያ የተሰበረ ነገር አለ። (ከ«ጥገኛ» ጋር የሚያዛምዱትም አሉ። አይዛመድም። «ጥገኛ» የ«ተጠጋ» ቤተሰብ ነው።)

የፓምፑን ዘይት ሲቀይሩ ምን ተሰበረ? ምንም። ዘይቱ እርጥበት ገብቶበት ወተት መስሏል፣ ወይም ጠቁሯል። ፓምፑ ይሽከረከራል፣ ድምፁም ደህና ነው። አየሩን ግን ጠርጎ አያወጣም። የቀረችው ትንሽ አየር ከኒዮኑ ጋር ቱቦው ውስጥ ትታሸጋለች፤ ያ ደማቅ ቀይ ብርሃን ይበላሻል። «ፓምፑን ጠግኑ» የሚል መመሪያ ያነበበ ሠራተኛ እስኪሰበር ቢጠብቅ አልፈርድበትም።

«ተንከባከበ»ን ደግሞ ይዩት። ከ፣ በ፣ ከ፣ በ። እንደ «ተንቀሳቀሰ»፣ እንደ «ተንቀጠቀጠ» ፊደሎቹ ይደጋገማሉ። ድርጊቱም አንዴ ተሠርቶ አያበቃም፤ ዘይት መቀየርም እንደዚያው ነው። «ለሕፃን ነው» ያሉት ባልደረባዎ የቃሉን ግማሽ ብቻ ነው ያዩት። ችግኝም እንከባከባለን፣ ንብረትም እንከባከባለን።

«ቅድመ ጥገና» ይበቃል የሚሉም አሉ። ሰዋስው ከእነሱ ጋር ነው። «ቅድመ ታሪክ» ከታሪክ በፊት ያለው ከሆነ፣ «ቅድመ ጥገና»ም ከጥገና በፊት የሚሠራው ነው። መከራከሪያ የለኝም። ጆሮዬ ግን እምቢ ይላል። ደህናውን ፓምፕ በሰበራ ስም መጥራት ይመስለኛል፤ እኔ አልጽፈውም።

ያም ሆኖ «የጥገና ክፍል» ባለበት ሁሉ ሰው ዘይት መቀየሩንም የተሰበረ መጠገኑንም በአንድ ስም እየጠራው ነው። ቃሉ ሄዷል፣ ልመልሰው አልችልም። ስለዚህ የመመሪያውን ርዕስ «ጥገና» ቢሉት አልቃወምም። ውስጡን ግን በግሥ ይጻፉት፦ «ዘይቱን ቀይር»፤ «የዲፊዩዥን ፓምፑ (ዘይት አፍልቶ በትነቱ አየር የሚያወጣው) ትኩስ እያለ አየር አታስገባ፣ ዘይቱ ይቃጠላል»።

በጌጁ ላይ ግን አልለቅም። ከፓምፑ የሚመጣ የዘይት ትነት ውስጡ ያለውን ቀጭን ሽቦ ሲያቆሽሸው ቁጥሩ ይሳሳታል እንጂ ጌጁ አልተሰበረም። የሚጸዳ ከሆነ «ይጽዳ» ይበሉ። ከታመነ ጌጅ ጋር ተስተያይቶ ቁጥሩ የሚስተካከል ከሆነ «ልኬቱ ይታረም» ይበሉ። ሽቦው ከተበጠሰም ይቀየራል እንጂ አይጠገንም።