ከሶላሩ በፊት ከሰሉ

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አዲስ ትዳር እንደያዛችሁ፣ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ተከራይታችሁ እንደምትኖሩና ቤታችሁ አካባቢን የማይጎዳ እንዲሆን እንደምትፈልጉ ጽፈሻል። ባልሽ ሶላር እንግዛ ይላል። አንቺ ደግሞ የቀርከሃ የጥርስ ብሩሽ አይተሻል። ሁሉም ውድ ሆኖባችሁ ከየት እንጀምር ብለሻል። እኔም ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ ልጆችም ያሳደግኩት እዚሁ ነው። የማውቀውን ልንገርሽ።

ከከሰል ጀምሩ። ብሩሹ ይቆይ።

አንድ ኪሎ ከሰል በተለመደው መንገድ፣ አፈር ለብሶ ሲከሰል፣ ከ5 ኪሎ በላይ እንጨት ይበላል። አብዛኛው ጉልበቱ ገና እዚያው ጫካ ውስጥ ጢስ ሆኖ ይቀራል። ወደ ላንጋኖ የሄደ ሰው መንገድ ዳር የተደረደረውን የከሰል ጆንያ ያውቀዋል። ብዙው ትናንት ግራር የነበረ ነው። ኤሌክትሪካችን ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመጣው ከውሃ ነው። ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ህዳሴ ግድብ ብቻውን ከ5,000 ሜጋ ዋት በላይ የማመንጨት አቅም አለው። ስለዚህ በሌላ አገር "መብራት ቀንሱ" የሚለው ምክር እኛ ጋ ሲደርስ መልኩ ይለወጣል። እዚህ ወጡን ከከሰል አንስተሽ ኤሌክትሪክ ምድጃ ላይ ከጣድሽ ትልቁን ሥራ ሠርተሻል። ለጤናም ነው። በር ዘግቶ ከሰል ማንደድ ስንት ቤተሰብ አሳጥቶናል።

እንጀራው ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ከቤት ዕቃ ሁሉ ኃይል የሚበላው እሱ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ወደ 3,500 ዋት ይስባል። ሸክላው እስኪግል ድረስ ያለው ጊዜ አንድም እንጀራ ሳይወጣ የሚያልፍ ኃይል ነው። ለአምስት እንጀራ ብሎ ምጣድ ማጋል ያሳዝነኛል። የሦስት አራት ቀኑን በአንድ ጊዜ ጋግሪ። የሚሻለው ደግሞ ከጎረቤት ጋር መቀናጀት ነው። እኛ ፎቅ ላይ አንዷ ስትጨርስ ሌላዋ ሊጧን ይዛ ትመጣለች፤ ምጣዱ ሳይቀዘቅዝ ይቀጥላል፣ የመብራቱን እንካፈላለን። ምሽት ከ12 እስከ 3 ሰዓት ሁሉም ሰው የሚጠቀምበት ሰዓት ስለሆነ ማለዳ ብትጋግሪ ይሻላል። የመጨረሻዎቹን አንድ ሁለት እንጀራዎች ምጣዱን አጥፍተሽ በቀረው ግለት ማውጣት ይቻላል፣ ሞክሪው። ግን አደራ፣ ምጣዱን ከመግዛትሽ በፊት መስመሩንና ሶኬቱን ኤሌክትሪሺያን ይየው። በቀጭን ገመድ ላይ ምጣድ መሰካት እሳት መጥራት ነው።

መብራት ሲጠፋስ ትይኝ ይሆናል። ለዚያ ቀን ላቀች የሚባለው የከሰል ምድጃ ይኑርሽ። ውስጡ ሸክላ ስላለው ግለቱን ይይዛል፤ ከተራው የቆርቆሮ ምድጃ ባነሰ ከሰል ያበስልልሻል። ሥራሽን ስትጨርሺ ፍሙን ክዳን ባለው ቆርቆሮ አፍነሽ አጥፊው፣ ለነገ ይሆናል። ከሰል ለማቀጣጠል ፌስታል ወይም የሃይላንድ ቁራጭ የሚጠቀሙ ብዙ ናቸው። እባክሽ ይሄን አታድርጊ፣ የምትተነፍሺው መርዝ ነው።

ቡናም በኤሌክትሪክ ይፈላል። ቂጡ ጠፍጣፋ የሆነ ጀበና ፈልጊ። ለዕጣኑ ሁለት ፍም ይበቃል። በዓል ሲሆን ከሰል ብታያይዢ ማንም አይወቅስሽም፤ እኔን የሚያሳስበኝ በየቀኑ ሦስት ጊዜ የሚያያዘው ነው። ሽምብራና ባቄላም ማታ ዘፍዝፈሽ እደሪ፣ የማብሰያ ጊዜው በጣም ያጥራል።

ሁለተኛው ነገር ቆሻሻው ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. የአዲስ አበባው ቆሻሻ መጣያ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሲሞት፣ ያ ክምር የማን ነበር? ከየቤታችን የወጣ ነው። እኔ ይሄን አስቤ ነው ከዚያ በኋላ ልጣጭ ከፌስታል ጋር መጣል ያስጠላኝ። ከቤት የሚወጣው ቆሻሻ ከግማሽ በላይ የሚበሰብስ ነው። የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የእንቁላል ቅርፊት፣ የቡና አተላ ማለት ነው። በረንዳሽ ላይ ታቹ የተበሳ ባልዲ አስቀምጪ። እርጥቡን ስትጨምሪ ከላዩ ደረቅ ቅጠል ወይም የተቀደደ ካርቶን አልብሺው። ሥጋና ዘይት ያለበት ነገር አይግባ፤ ሽታውም ዝንቡም የሚመጣው ከዚያ ነው። ከሸተተ ደረቁ አንሷል ማለት ነው። ጥቂት ወራት ታገሺው፣ ጥቁር አፈር ይሆንልሻል። እኔ በእሱ በሶብላ፣ ጤና አዳምና ጎመን አበቅላለሁ። የተረፈ እንጀራ ግን ባልዲ አይገባም፤ ፍርፍር ወይም ድርቆሽ ነው የሚሆነው።

ሃይላንድ፣ ጄሪካንና ቆርቆሮ ለይተሽ አጠራቅመሽ ለቆራሌው ስጪ። እነዚህ ልጆች በየሰፈሩ እየዞሩ ለአካባቢ የሚሠሩትን ሥራ የምናከብረው አይመስለኝም። ሲጠሩ በሩን ክፈችላቸው፣ በዋጋም ብዙ አትከራከሪያቸው።

ፌስታልን በተመለከተ አንዴ ዘንቢል ይዞ መውጣት ከለመድሽ ነገሩ አልቋል። ለሥጋ ቤት ክዳን ያለው ሳህን፣ ለዳቦ የጨርቅ ከረጢት ይዘሽ ሂጂ። ስሱ ፌስታል በ1999 ዓ.ም. በወጣ አዋጅ ተከልክሎ ነበር፣ ግን ማን ሰማው? በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ጠንከር ያለ አዋጅ አጽድቋል። እኔ ደስ ብሎኛል። ክረምት ላይ ቱቦው ተደፍኖ ሰፈር በጎርፍ ሲጥለቀለቅ ያየ ሰው ደስታዬ ይገባዋል።

ውሃ ላይ ብዙ አልልም፣ ፈረቃው አስተምሮናል። የልብስ የመጨረሻ ማጠቢያ ውሃ ለሽንት ቤት ይሁን። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ካለ ዛሬውኑ ጎሚኒውን አስቀይሪ።

የባልሽ ሶላርን በተመለከተ፣ ሐሳቡ ጥሩ ነው፣ ግን መስመር ለገባለት የከተማ ቤት አይቸኩልበት። ከውሃ የመጣውን መብራት በፀሐይ መብራት መተካት ለአካባቢ የሚጨምረው ጥቂት ነው። ያንን ገንዘብ ለምጣዱ መስመርና ለጥሩ ምድጃ አውጡት። ከተረፈ ደግሞ፣ ገጠር ያሉ ቤተሰቦቻችሁ መብራት ካልገባላቸው፣ ትንሿን የሶላር ፋኖስ ለእነሱ ግዙላቸው። እዚያ ኩራዝና ላምባ ታስቀራለች።

የቤታችሁ ቆጣሪ የጋራ ነው የግል? እሱን ንገሪኝና ስለ ምጣዱ ወጪ በዝርዝር እጽፍልሻለሁ።