ጭሱ ከዛፉ ነው ወይስ ከውኃው?

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ምግብ የማበስለው በእንጨት ምድጃ ነው፤ አንዳንዴም ደጅ ጉልቻ አበጅቼ አበስላለሁ። ከጥቂት ወራት ወዲህ እሳት ሳነድ ዓይኔ ያለቅሳል፣ ማታ ማታ ያስለኛል። የ3 ዓመት ልጄንም ሳሉ አልለቅ ብሎታል። ጎረቤቴ «እንጨት መምረጥ ስለማታውቂበት ነው፤ የማያጨስ ዛፍ አለ» ትለኛለች። እውነቷን ነው? የትኛውን ልግዛ?

መልስ፦ እንጨቱ ትንሽ ይቆየንና ከልጅዎ ልጀምር። ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ቢቻል ተኝቶ ሳለ፣ ልብሱን ገለጥ ያድርጉና ትንፋሹን ለ1 ሙሉ ደቂቃ ይቁጠሩ። በእሱ ዕድሜ 40 ወይም ከዚያ በላይ ከደረሰ፣ አለዚያም አየር ሲስብ ከጎድን አጥንቱ በታች ያለው ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ለነገ አይበሉት፤ ዛሬውኑ ሐኪም ጋ ይውሰዱት። የሳንባ ምች ሊሆን ይችላል። ቁጥሩ ደህና ቢሆንም ይህን ያህል የቆየ ሳል መመርመር አለበት፣ የእርስዎም ጭምር። «ጭስ ነው» እየተባለ አስምም ሳንባ ነቀርሳም ተደብቆ ሲከርም አይቻለሁ።

ወደ እንጨቱ ስንመጣ፣ ጎረቤትዎ የተናገሩት ግማሹ እውነት ነው። ዛፍና ዛፍ ይለያያል። ጠንካራና ከባድ እንጨት ቀስ ብሎ ነድዶ ጥሩ ፍም ያወጣል፤ እንደ ጥድ ያለው ሙጫ የበዛበት ደግሞ ቶሎ ይያያዛል፣ ይንጣጣል፣ ጥላሸቱም ብዙ ነው። የማያጨስ ዛፍ ግን የለም። ዓይንዎን የሚያስለቅሰውን የሚወስነው ከዛፉ ስም ይልቅ በውስጡ የቀረው ውኃ ነው።

ገና የተቆረጠ እንጨት ግማሽ ክብደቱ ውኃ ሊሆን ይችላል። 10 ኪሎ ርጥብ ፍልጥ ምድጃ ውስጥ ሲከቱ 5 ሊትር ያህል ውኃም አብረው ከተቱ ማለት ነው። እሳቱ ድስትዎን ትቶ መጀመሪያ ያንን ውኃ ያተናል። ሙቀቱ ስለሚወርድ ከእንጨቱ የሚወጣው ጋዝ ሳይቃጠል ያመልጣል፤ ጭስ የምንለውም ይኸው ሳይነድ ያመለጠ ማገዶ ነው። በደንብ የደረቀ እንጨት የውኃ መጠኑ ከ20 በመቶ በታች ነው።

ሻጩ «ደረቅ ነው» ማለቱ አይቀርም። እርስዎ ሁለት ፍልጥ ያንሱና ያጋጩ። ደረቅ ከሆነ ጥርት ያለ «ቋ» የሚል ድምፅ ይሰጣል፤ ርጥቡ ድምፁ ይታፈናል። ጫፉ ላይ ከመሀል ወደ ዳር የሄደ ስንጥቅ ይፈልጉ፣ ቅርፊቱ በጥፍር ሲነካ የሚለቅ መሆኑን ይዩ፣ ከመጠኑ ይልቅ የሚከብደውን ይመልሱ። ከላይ ደርቆ ውስጡ ርጥብ የሆነም ስላለ አንዱን አስፈልጠው አዲስ የተከፈተውን ፊት በጉንጭዎ ይንኩት፤ ከቀዘቀዘዎት ገና ነው። ምድጃ ውስጥ ከገባ በኋላማ ራሱ ይናገራል፤ ጫፉ ላይ አረፋ እየደፈቀ ሲያፏጭ ያዩታል።

ርጥቡን በርካሽ ካገኙት ይግዙት፤ ዛሬ አያንድዱት እንጂ። ፈልጠው፣ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ በመሀሉ አየር እንዲያልፍ አራርቀው ይደርድሩት። ከላይ ብቻ ይሸፍኑ። ዙሪያውን በፕላስቲክ የጠቀለሉት እንጨት ይሻግታል፣ ሻጋታው ደግሞ ለአስም በሽተኛ ሌላ ጣጣ ነው። እንደ ዛፉና እንደ አየሩ ሁኔታ ከ6 ወር እስከ ዓመት፣ አንዳንዱም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቸኩዬ ልይ ካሉ አንዱን ፍልጥ ምልክት አድርገው በየ2 ሳምንቱ ይመዝኑት፤ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርሷል።

ደረቅ ቢሆንም ፈጽሞ መንደድ የሌለበት አለ። ቀለም የተቀባ፣ ምስጥ እንዳይበላው በኬሚካል የተነከረ፣ ኮምፔንሳቶና ቺፑድ። በኬሚካል ከተነከሩት አንዳንዶቹ አርሴኒክ አለባቸው፤ በጭሱ ይወጣል፣ በአመዱም ይቀራል። እሳት ለማያያዝ ፌስታል ወይም የጎማ ቁራጭ የሚጠቀሙ ከሆነ ዛሬ ያቁሙ፤ ጭራሮ ይበቃል። ቁልቋልና ቅንጭብንም አያቅርቡ፣ ወተታቸው ዓይን ያቃጥላል።

አሁን የማልወደውን ክፍል ልንገርዎ፦ የደረቀ እንጨትም ቢሆን ጤናማ አይደለም። በጭሱ ውስጥ ያሉት ከ2.5 ማይክሮን በታች የሆኑ ብናኞች ከፀጉር ውፍረት ወደ 30 ጊዜ ያንሳሉ፤ አፍንጫ አያስቀራቸውም፣ ሳንባ ጥግ ድረስ ይወርዳሉ። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2020 በቤት ውስጥ ጭስ የተነሳ 3.2 ሚሊዮን ሰው ሞቷል፤ ከእነዚህ ከ237 ሺህ የሚበልጡት 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት ነበሩ። የዓይን ሞራና ሥር የሰደደ የሳንባ በሽታም ከዚሁ ጋር ይያያዛሉ። ስለዚህ ምድጃው ጭስ ማውጫ ይኑረው፣ ጥላሸቱም ይጠረግ። በአንዴ ብዙ እንጨት አይጠቅጥቁ፤ እሳት አየር ሲያጣ ደረቁም ያጨሳል። ሌላ ማገዶ፣ ኤሌክትሪክም ሆነ ጋዝ፣ ለአንዱ ምግብ እንኳ ከተገኘ እሱን ያስቀድሙ።

ደጅ ሲያበስሉ ነፋሱን ከጎንዎ ያድርጉት። ከፊት ከሆነ ጭሱ ይመጣብዎታል፤ ከኋላ ከሆነም ሰውነትዎ ነፋሱን ስለሚከልል ጭሱ ዞሮ ወደ ፊትዎ ሊመለስ ይችላል። ልጅዎ ግን በየትኛውም በኩል እሳቱ አጠገብ አይቀመጥ።

አንድ ነገር ደግሞ ሳይጠይቁኝ ልጨምር። ጭሱ አልቆ ፍም ብቻ ሲቀር ሰው እፎይ ብሎ ወደ መኝታ ክፍል ያስገባዋል። ከፍም የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የለውም፤ በደም ውስጥ ኦክሲጅን ከሚሸከመው ከሄሞግሎቢን ጋር የሚጣበቀውም ከኦክሲጅን ከ200 ጊዜ በላይ በርትቶ ነው። ጠዋት ሁላችሁም በአንዴ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከተሰማችሁ ምግቡን አይጠርጥሩ። ሁላችሁም ወደ ውጪ ውጡ፣ በርና መስኮቱን ክፈቱ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ሂዱ፤ ሲደርሱም «ቤት ውስጥ ፍም ነበር» ብለው ይንገሩት።