አንዷን ስንኝ አሥር ጊዜ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከደሴ፣ ሰኞ ገበያ)፦ እንደምን ሰነበታችሁ? የህንድ ሱፊ ዘፋኞችን አዘውትሬ እሰማለሁ፤ ቋንቋቸውን ባላውቅም አንጀቴን ይበሉታል። አንዷን ስንኝ አሥር ጊዜ የሚመላልሷት ግን ግጥም አልቆባቸው ነው? ራሳቸውንስ ከዘፋኝ ይልቅ እንደ መልእክት አድራሽ የሚቆጥሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ ግጥምስ ሞልቷቸዋል። ዴልሂ በሚገኘው የሱፊው ሼህ የኒዛሙዲን አውሊያ መቃብር ሐሙስ ማታ ቀዋሊ የሚሉት የሱፊ ዜማ ሲዜም፣ የመሪው ዓይን ከአድማጩ ላይ አይነቀልም። አንዱ ማልቀስ ወይም መወዛወዝ ሲጀምር መሪው የነካችውን ቃል ለይቶ ይይዛታል፤ ሰውየው እስኪረጋጋ ድረስም ይመላልሳታል። እሱን በዚያ ሁኔታ ትቶ ወደ ሌላ ስንኝ መሻገር በእነርሱ ዘንድ ነውር ነው። ድግግሞሹም ባዶ አይደለም። በአዝማቹ መሐል የሌላ ገጣሚ ሁለት ስንኝ፣ አንዳንዴም በሌላ ቋንቋ፣ ሰንቅረው ተመልሰው አዝማቹ ላይ ያርፋሉ። ይህን ጊራህ፣ ቋጠሮ እንደማለት ነው፣ ይሉታል። ዐረብኛና አማርኛ የሚፈራረቅበትን መንዙማ ሰምቶ ላደገ የወሎ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ጥያቄዎም ከዚሁ ይመዘዛል፤ የሚያዜሙት ቃል የራሳቸው አይደለም። ገጣሚው ካቢር በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በህንዷ ከተማ በባናራስ ይኖሩ የነበሩ ሸማኔ ናቸው፤ ድርና ማጉ ግጥማቸው ውስጥ ይታያል። የፑንጃቡ ሱፊ ገጣሚ ቡሌ ሻህ (እ.ኤ.አ. 1680–1757) ደግሞ ከነቢዩ ዘር ተቆጥረው ሳለ፣ በትውልዱ ዝቅ ተደርጎ ይታይ የነበረን አትክልተኛ ሼሃቸው አድርገው ተቀበሉ፤ ዘመዶቻቸውም እንደተቆጧቸው ይነገራል። የእነዚህን ሰዎች ቃል ተሸክሞ በድምፅ መታበይ ይከብዳል። ከዘመናችን ሰዎች በመካከለኛው ህንድ የማልዋ አካባቢ ሰው የሆኑትን ፕራላድ ሲንግ ቲፓንያን ይመልከቱ። በሙያቸው መምህር የነበሩ የካቢር ዘፋኝ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2011 ፓድማ ሽሪ የተባለውን የመንግሥት ሽልማት ተቀብለዋል። ባለ አምስት ክሩን ታምቡራ እየመቱ ያዜሙና ቀጥ ያደርጉታል፤ አሁን ያለፈችውን ቃል በተራ ወሬ ለሰው ይፈቱለታል፤ ከዚያ ካቆሙበት ይቀጥላሉ። ዜማ አምሮ ቃሉ ሳይገባ የቀረ እንደሆነ ሥራው አልተሠራም ማለት ነው።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ ስድስት ሆነን መንዙማና የሱፊ ዜማ እንለማመዳለን። ሃርሞኒየም (በወናፍ የሚነፋው ባለ ቁልፍ መሣሪያ) ስለሌለን ትንሽ ኪቦርድ እንጠቀማለን። አምባሰልን ስንፈልግባት ሌላ ነገር ይወጣል።

መልስ፦ ጥቁሮቹን ቁልፎች ሳትዘልሏቸው አልቀራችሁም። አምባሰል ከዶ ሲነሣ ዶ፣ ከዶ ቀጥሎ ያለው ጥቁር፣ ፋ፣ ሶል፣ ከሶል ቀጥሎ ያለው ጥቁር፣ ከዚያ ላይኛው ዶ ነው። በጥቁሮቹ ፈንታ ነጩን ሬና ነጩን ላ ከነካችሁ፣ የያዛችሁት ከፋ የሚነሣውን ትዝታ ሜጀር ነው። አምባሰልን አምባሰል የሚያሰኛት ያች ከዶ ወደ ጥቁሩ ያለችው ጠባብ እርምጃ ናት። ከዶ መነሣትም ግዴታ አይደለም። መሪያችሁ አንገቱን ሳይገትር ላይኛውን ድምፅ የሚደርስበትን መነሻ ፈልጉ፤ ከዚያ ጥቁር ነጭ ሳትሉ ቁልፍ በቁልፍ 1፣ 4፣ 2፣ 1፣ 4 እያላችሁ ቁጠሩ። ከሬ ብትነሡ ሬ፣ ቀጥሎ ያለው ጥቁር፣ ሶል፣ ላ፣ ከላ ቀጥሎ ያለው ጥቁር ይመጣል።

ህንዶች እነዚህኑ አምስት ድምፆች ጉንካሊ በሚሉት የጠዋት ራጋ (ራጋ እንደኛ ቅኝት ያለ ነው) ያዜሟቸዋል፤ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ደግሞ ቡፓሊ በተባለው የምሽት ራጋ ውስጥ አሉ። ድምፆቹ ቢገጥሙም አካሄዱ ይለያያል። እነርሱ ከአንዱ ድምፅ ወደ ሌላው በጉሮሮ ይንሸራተታሉ፤ ቁልፍ ያለው መሣሪያ ደግሞ ይህን አይችልም። የህንድ ብሔራዊ ሬዲዮ ሃርሞኒየምን እ.ኤ.አ. ከ1940 እስከ 1971 ያገደበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነበር። ስለዚህ መሪው ድምፁን ሲያንሸራትት ኪቦርድ ተጫዋቹ መነሻውንና አራተኛውን ድምፅ (ከዶ ሲነሣ ሶልን) ብቻ ይዞ ይጠብቅ፤ ዜማው ሜዳ ሲሆን አብሮት ይሂድ። ሃርሞኒየም ስታገኙ ወናፉን በጭብጨባው ልክ አትግፉት፤ ድምፁ በየጭብጨባው እያበጠ ቃሉን ይውጠዋል። በረጅሙ፣ በዝግታ ይገፋ።

ጥያቄ (ከደሴ፣ ፒያሳ)፦ ጭብጨባችን እየፈጠነ መሪውን ትንፋሽ ያሳጥረዋል።

መልስ፦ ጥፋቱ በአብዛኛው ከእጅ ሳይሆን ከተቀባይ ነው። መሪው የመጨረሻዋን ቃል ሳይጨርስ ተቀባዩ ከገባ በየዙሩ ትንሽ ትንሽ ይሸራረፋል፤ ከአምስት ዙር በኋላ ሩጫ ይሆናል። ድቤ መቺው ከመሪው ፊት ለፊት ይቀመጥ። በመጀመሪያ 10 ደቂቃ በድቤ ብቻ፣ ቀጥሎ ሁለት ሰው እያጨበጨበ፣ ከዚያ ሁላችሁም ሆናችሁ ተለማመዱ። መዳፋችሁን ከአንድ ስንዝር በላይ አትክፈቱ። መፍጠን ካስፈለገም አዝማቹ ሲጀምር ብቻ፣ ያውም መሪው ምልክት ሲሰጥ ይሁን።