ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ «የአንገትሽ ደም ስር ደርቋል ተባልኩ»

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ54 ዓመት ሴት ነኝ፤ የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው። አንገቴን በአልትራሳውንድ ታይቼ ደም ስርሽ ደርቋል አሉኝ። እናቴ በስትሮክ ነው ያረፈችው። የግፊት መድኃኒት እወስድ ነበር፤ ሲሻለኝ ተውኩት። አሁን ጠዋት ጠዋት ነጭ ሽንኩርት በማር እበላለሁ። በየሦስት ወሩ ልታይ? መሣሪያው ራሱስ አይጎዳም?

መልስ፦ እህቴ፣ መሣሪያው አይጎዳም። የሚልከው ድምፅ ነው፤ እንደ ራጅ ጨረር የለውም። ግን የሚያስጨንቅዎት እሱ አይመስለኝም። «እንደ እናቴ እሆን ይሆን?» ነው ነገሩ።

«ደርቋል» ያሉዎት ጠንክሯል ለማለት ነው። ጤነኛ ደም ስር ልብ በመታ ቁጥር ሰፋ ብሎ ይመለሳል። አልትራሳውንዱ የሚያየው ይህንን ነው። የልብ ምቱ ከአንገት እስከ ብሽሽት የሚጓዝበትን ፍጥነት መለካትም ይቻላል፤ በሰከንድ ከ10 ሜትር ካለፈ ደም ስሩ ጠንክሯል እንላለን። ዕድሜ ብቻውን ያጠነክረዋል። ግፊት፣ ስኳርና ሲጋራ ያፋጥኑታል። መጠንከር ደግሞ መዘጋት አይደለም፤ ይረጋጉ። በየሦስት ወሩ መታየትም አያስፈልግም፤ በዚያ ብር የግፊት መለኪያ ይግዙ።

«ሲሻለኝ ተውኩት» ያሉት ግን አናዶኛል። ምኑ ነው የተሻለዎት? ግፊት እኮ አብዛኛውን ጊዜ አያምም! «ሲነሳብኝ አውቀዋለሁ፣ ማጅራቴን ይይዘኛል» የሚለኝ ሰው ብዛቱ! ማጅራቱን ይዞት ሲመጣ 130 ይሆናል፤ እየሳቀ የመጣ ቀን 190። ስሜት ግፊት አይለካም። ደህና የነበሩት መድኃኒቱ ስለሠራ ነው። «አንዴ ከተጀመረ አይቆምም» ይባላል፤ የማይቆመው በሽታው ነው። መድኃኒቱን ያቆመ ጎረቤት ቢኖርዎትም ስለዳነ አይደለም። ነጭ ሽንኩርቱ ወጥ ውስጥ ይግባ፣ አልጣላውም። በኪኒን ቦታ ግን አይገባም።

ሲለኩ አራተኛ ፎቅ በእግር ወጥተው ወዲያው አይሁን፤ ቡና ጠጥተውም አይሁን። አምስት ደቂቃ ጀርባዎን ደገፍ አድርገው ይቀመጡ፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ በልብዎ ትይዩ ያሳርፉ። ቤት ውስጥ በተደጋጋሚ 135/85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ከፍ ብሏል።

የስትሮክን ምልክት ደግሞ ቤተሰቡ ሁሉ ይወቅ። ፊት ወደ አንድ ጎን ከተጣመመ፣ አንድ እጅ ከዛለ፣ አንደበት ከተሳሰረ፣ በዚያው ሰዓት ሲቲ ስካን ወዳለው ሆስፒታል ይሂዱ። በአሥር ደቂቃ ቢለቅዎትም ይሂዱ! «አለፈልኝ» ብሎ ተኝቶ ያደረ ሰው ሽባ ሆኖ ሲመጣ አይቻለሁ። ነገ ጠዋት የሚባል ነገር የለም።

መሳቢያ ውስጥ የቀረውን ኪኒን አውጥተው በራስዎ እንዳይጀምሩ። በዚህ ሳምንት የአልትራሳውንዱን ወረቀትና የድሮውን የመድኃኒት ካርቶን ይዘው ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ስኳርና ኩላሊትም ይታዩ። ልጆችዎንም ያስለኩ፣ የአያታቸው ነገር ለእነሱም ይመለከታቸዋል።